ራኩ ሲነካ ይነዝራል፤ መብራቱስ እንዴት ይሳብለት? (ደብረ ብርሃን)

ጠባሴ_ኔት፦

ጤና ይስጥልን ወገኖች። ደብረ ብርሃን፣ አንድ ቢሮ ውስጥ 22 ዩ ራክ (የሰርቨር መደርደሪያ ብረት) ቆሟል። የተጫነበት ዕቃ፦ ሁለት ሰርቨር (እያንዳንዱ ባለ ሁለት ፓወር ሰፕላይ)፣ ባለ 24 ፖርት ፒኦኢ ስዊች (ለካሜራዎቹ በኔትወርክ ገመዱ መብራት የሚሰጥ)፣ ራውተር፣ የካሜራ መቅጃ፣ 3 ኬቪኤ ኦንላይን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ)። ሁሉም መብራት የሚያገኘው ከአንድ የግድግዳ ሶኬት በዲቫይደር ነው፤ ዲቫይደሩ ላይ ደግሞ ሌላ ዲቫይደር ተሰክቷል።

የራኩን በር በእጅ ጀርባ ሲነኩት ይነዝራል። በመልቲሜትር ከራኩ ብረት ወደ ውሃ ቧንቧ ሲለካ 96 ቮልት ያሳያል። ብሬከር አይወርድም፣ ዕቃውም ያለ ችግር ይሠራል።

ንዝረቱ ከየት ነው? ማከፋፈያ ሳጥኑ 12 ሜትር ይርቃል፣ የሚገባበትም ሦስት ፌዝ ነው። አዲስ መስመር ቢሳብ ምን ሽቦ፣ ምን ብሬከር? አርሲዲ (ከረንት ወደ መሬት ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጠው) ይግባ ወይስ ይቅር? በቅርቡ 5 ኬቪኤ የቤንዚን ጄኔሬተርም ይመጣል።

ጣርማበር፦

ራኩ ግራውንድ (ብረቱን ከመሬት የሚያገናኝ ሽቦ) የለውም። የተበላሸ ዕቃ ፍለጋ አትድከሙ፣ ምናልባት አንዱም አልተበላሸም።

እያንዳንዱ ፓወር ሰፕላይ መግቢያው ላይ የረብሻ ማጣሪያ አለው። በማጣሪያው ውስጥ ከፌዝ ወደ ብረት አንድ ትንሽ ካፓሲተር፣ ከኒውትራል ወደ ብረት ሌላ አንድ ይገኛል። ግራውንድ ሲኖር በእነሱ በኩል የምታልፈው ጥቂት ከረንት ወደ መሬት ትሄዳለች፣ ማንም አያውቃትም። ግራውንድ ሲቋረጥ ግን ብረቱ በሁለቱ መካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ የ220 ግማሽ ማለትም ወደ 110 ቮልት ይይዛል። የእናንተ 96 እሱ ነው፤ መልቲሜትሩ ራሱ ትንሽ ስለሚጎትት ዝቅ አለ።

አንድ ዕቃ ብቻ ቢሆን ከማስደንገጥ አያልፍም። ባለ ግራውንድ ስፒና ያለው ዕቃ እንዲያፈስ የተፈቀደለት ቢበዛ 3.5 ሚሊ አምፔር ነው፤ ብዙዎቹ 1 እንኳ አይሞሉም። ራክ ላይ ግን ብረቱ ሁሉ በብሎን የተያያዘ ስለሆነ የሁሉም ይደመራል፤ የስድስትና የሰባት ፓወር ሰፕላይ ድምር በአንድ ሰው እጅ ያልፋል። ከዚህም የባሰው ሌላ ነው። ነገ የአንዱ ሰርቨር ፌዝ ከብረቱ ቢነካ ከረንቱ የሚመለስበት መንገድ ስለሌለ ብሬከሩ አይወርድም፤ ራኩ በሙሉ 220 ይዞ ይቆማል።

ስለዚህ መጀመሪያ ግራውንዱ የት እንደተቋረጠ ለዩ። በጭነት ላይ እያለ፣ በግድግዳው ሶኬትም በመጨረሻው ዲቫይደርም ሦስት ልኬት ውሰዱ፦ ፌዝ ከኒውትራል፣ ፌዝ ከግራውንድ፣ ኒውትራል ከግራውንድ። ጤነኛ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይቀራረባሉ፣ ሦስተኛው ከዜሮ ጥቂት ፈቀቅ ይላል፣ ከግማሽ እስከ 3 ቮልት። ፌዝ ከግራውንድም ኒውትራል ከግራውንድም 100 አካባቢ ካሳየ ግራውንዱ ተቆርጧል ማለት ነው። ባለ መብራት ካቻቪቴ እዚህ አይረዳም፤ ይበራል እንጂ ስንት ቮልት እንደሆነ አይናገርም።

አንድ ነገር ግን ከመለካታችሁ በፊትም ልጠርጥር። የዩፒኤሱ ገመድ ስፒና ክብ ሆኖ የግራውንድ ብረቱ በጎንና በጎን ያለው ዓይነት ነው? ገበያ ላይ ያሉት ማንኛውንም ስፒና የሚቀበሉ ሶኬቶችና ዲቫይደሮች ሁለቱን እግር ይቀበላሉ፣ ለጎኑ ግን ምንም የሚነካ ብረት የላቸውም። ስፒናው ገባ፣ ዕቃው በራ፣ ግራውንዱ ውጭ ቀረ። ሦስት ቀዳዳ በመስመር ያለው የጣሊያን ሶኬትም ሌላው ጉድ ነው። የባለ 10 አምፔሩ ቀዳዳ ለ4 ሚሊ ሜትር እግር የተሠራ ነው፣ የዚህ ስፒና እግር ደግሞ 4.8 ነው። ሰው በሞረድ ያቀጥነዋል ወይም በጉልበት ይሰካዋል፤ ከዚያ ሶኬቱ ይላላል፣ ይሞቃል፣ ይቀልጣል።

ጠባሴ_ኔት፦

ጋሼ፣ እናመሰግናለን። ተለካ።

የግድግዳ ሶኬት፦ ፌዝ ከኒውትራል 214፣ ፌዝ ከግራውንድ 214፣ ኒውትራል ከግራውንድ 0.0።
ሁለተኛው ዲቫይደር፦ ፌዝ ከኒውትራል 211፣ ፌዝ ከግራውንድ 91፣ ኒውትራል ከግራውንድ 104።

ስለዚህ ግድግዳው ደህና ነው፣ ጥፋቱ የዲቫይደሩ ነው ማለት ነው? እሱን ብንቀይረው ይበቃል?

ጣርማበር፦

እንዳትቀይሩት! ቆዩ።

የግድግዳው 0.0 ደስ አይልም። 5 እና 6 አምፔር በሚጎትት መስመር ላይ ኒውትራሉ ራሱ ጥቂት ቮልት ይጥላል፤ ግራውንዱ ግን ከረንት ስለማያልፍበት አይጥልም። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ትንሽ ልዩነት መታየት አለበት። ጭነት እያለ ፍጹም ዜሮ ካሳየ ሁለቱ እዚያው ሶኬቱ ውስጥ በቁራጭ ሽቦ ሳይገናኙ አይቀሩም። ብሬከሩን አውርዳችሁ፣ አለመኖሩን ለክታችሁ፣ ሶኬቱን ፍቱና ተመልከቱ።

ያ ከሆነ ዲቫይደሩን በደህና መቀየር ነገሩን ያባብሰዋል። አሁን ራኩ ተንጠልጥሎ ይነዝራል፣ ቢያንስ ይናገራል። ዲቫይደሩ ሲስተካከል ራኩ ከኒውትራል ጋር ይያያዛል፣ ንዝረቱም ይጠፋል። ከዚያ አንድ ቀን የኒውትራሉ ብሎን ይላላል ወይም ይቃጠላል፤ ያን ጊዜ ፌዙ በዕቃዎቹ ውስጥ አልፎ፣ በቁራጯ ሽቦ ዞሮ ራኩን ሙሉ 220 ያደርገዋል። መብራት ጠፋ ብሎ ራኩን ሊፈትሽ የሚሄደው ሰው ነው የሚያገኘው።

ትክክለኛው መንገድ ከማከፋፈያ ሳጥኑ የግራውንድ ባር ራሱን የቻለ ቢጫ አረንጓዴ ሽቦ ይዞ መምጣት ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ባር በእርግጥ ወደ መሬት መውረዱንም አረጋግጡ፤ የትም የማይሄድ ባር ብዙ ነው።

ዘንግ የሚቀበር ከሆነ፦ መዳብ የለበሰ፣ ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ ቢያንስ 1.5 ሜትር። አንዱ ካልበቃ ሁለተኛውን ከራሱ ርዝመት ባላነሰ ርቀት ትከሉ፤ ተጠጋግተው ከቆሙ እንደ አንድ ነው የሚሠሩት። እኛ አገር ችግሩ አፈሩ ነው። መረሬው በበጋ ይሰነጠቃል፣ ከዘንጉም ይለያል፤ ጥቂት ወረድ ሲሉ ደግሞ ድንጋይ ይገጥማል። ድንጋዩ ካላስወረደ በ80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቦይ ቆፍራችሁ ባዶ የመዳብ ሽቦ አግድም ዘርጉ፣ ባወጣችሁት ደቃቅ አፈር መልሳችሁ ጠቅጥቁ። ልኬቱን በየካቲት ውሰዱ፤ በነሐሴ የተለካ መሬት ሁሌ ቆንጆ ነው።

ጨው የሚባለውን ተዉት። ለጊዜው ቁጥሩን ያወርደዋል፣ ክረምቱ ያጥበዋል፣ የቀረው ዘንጉን ይበላዋል።

«ለሰርቨር የተለየ ንጹህ ግራውንድ» ብሎ ለራኩ ብቻ ዘንግ የሚቀብርም አለ። ከሕንፃው ግራውንድ ጋር ካልተገናኘ መብረቅ በወደቀ ጊዜ በሁለቱ መካከል ሺህ ቮልቶች ይፈጠራሉ፣ የኔትወርኩ ገመድ ይሸከማቸዋል። ዘንግ መጨመር ይቻላል፤ መለየት ግን አይቻልም።

ባለካቻቪቴ፦

ጋሼ ግራውንዱን ጨርሰውታል። እኔ ወደ መስመሩ ልግባ።

መጀመሪያ ስሌት። ዕቃዎቹ ላይ የተጻፈውን ዋት ከደመራችሁ የማያስፈልግ ነገር ትገዛላችሁ፤ ሰርቨሩ 550 ዋት የሚል ፓወር ሰፕላይ ይዞ በተለመደ ሥራ 250 ቢበላ ነው። ሁለቱ 500፣ ስዊቹ ከነካሜራዎቹ እስከ 400፣ መቅጃውና ራውተሩ 100፤ 1,000 ዋት በሉት። የዩፒኤሱ ብክነትና የባትሪ ቻርጅ ሲጨመር ወደ 1,250። በ220 ቮልት 5.7 አምፔር ነው። ግን ማታ ቮልቱ 180 ሲወርድ ፓወር ሰፕላይ እንደ አምፖል አይደበዝዝም፣ የጎደለውን በከረንት ያካክሳል፤ 7 አምፔር ይሆናል። ሽቦና ሶኬት የሚመረጠው በዚህ በከፋው ቁጥር ነው።

ሽቦ፦ 3×2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ ይበቃል። በ7 አምፔርና በ12 ሜትር የሚጥለው 1.5 ቮልት ገደማ ነው። ቦዩ ከተከፈተ አይቀር 3×4 ብታስገቡ አይቆጭም፣ ዋጋው ብዙ አይለይም።

ብሬከር፦ ሲ 16። ቢ አታድርጉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፓወር ሰፕላዮቹ ሁሉ ባንዴ ይጠጣሉ፤ ቢ ከመጠኑ 3 እስከ 5 እጥፍ ላይ ይወርዳል፣ ሲ ከ5 እስከ 10 ይታገሣል። ሽቦው 4 ስለሆነ ብቻ ብሬከሩን 20 ወይም 25 አታድርጉት፤ ጫፉ ላይ ያለው ሶኬት የ16 ነው፣ ቀድሞ የሚቀልጠው እሱ ነው።

ሶኬት፦ ሰማያዊ ክብ የኢንዱስትሪ ሶኬት፣ 16 አምፔር፣ ባለ ሦስት እግር። አይላላም፣ ግራውንዱ ቀድሞ ይገባል፣ መጨረሻ ይወጣል፣ ጽዳት የሚሠራ ሰው ነቅሎ ፖሊሸር አይሰካበትም።

ሁለት መስመር ሳቡ። አንዱ ለዩፒኤስ፣ አንዱ በቀጥታ ለሁለተኛው ፒዲዩ (ራክ ውስጥ የሚገጠም የሶኬት ማከፋፈያ)። የየሰርቨሩ አንዱ ፓወር ሰፕላይ ከዩፒኤስ፣ ሌላው ከቀጥታው፤ ዩፒኤሱ ራሱ ቢበላሽ ሥራ አይቆምም። ግን አንዱ ሲጠፋ ሌላው ሙሉውን እንደሚሸከም አስታውሱ፤ ለየብቻ 9 አምፔር የሚጎትቱ ሁለት መስመሮች ካሏችሁ አንዱ ሲሄድ ሌላው ላይ 18 ይመጣል፣ እሱም ሊወርድ ይችላል። ሁለቱንም መስመር ከአንድ ፌዝ ውሰዱ። ከተለያየ ፌዝ ከሆነ በአንድ ሰርቨር ጀርባ በሁለት ገመድ መካከል 380 ቮልት ይቆማል።

ፒዲዩው ብረት ገላ ያለው፣ የሲ-13 (የተለመደው የኮምፒውተር ገመድ) ቀዳዳ ያለው ይሁን። ዲቫይደር ራክ ውስጥ አይግባ። አብዛኛው ማብሪያው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው የሚቆርጠው፣ ስፒናውም ተገልብጦ ስለሚሰካ የሚቆረጠው ፌዙ ይሁን ኒውትራሉ አይታወቅም። «አጥፍቼዋለሁ» ብሎ እጅ የሚያስገባ ሰው በዚህ ነው የሚያዘው።

የራኩ ብረት ራሱም ሽቦ ይፈልጋል፣ በስፒናው ግራውንድ ብቻ አይተማመንም። ከሳጥኑ የግራውንድ ባር ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ቢጫ አረንጓዴ፣ ጫፉ በላግ (ቀዳዳ ባለው የሽቦ ጫፍ ብረት) ተጨፍልቆ፣ በ6 ሚሊ ሜትር ብሎን። ከብሎኑ ሥር ያለውን ቀለም እስከ ብረቱ ፋቁት፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ አድርጉ፣ በዳዶ አጥብቁ። ቀለም በቀለም ላይ የተጠበቀ ብሎን ግራውንድ አይደለም። በሮቹና የጎን ሽፋኖቹ የየራሳቸው አጭር ሽቦ ይኑራቸው፤ ማጠፊያው አያስተማምንም። ሲያልቅ ከሰርቨሩ ብረት እስከ ባሩ ስትለኩ ከግማሽ ኦም በታች መሆን አለበት፤ ተራ መልቲሜትር ከሆነ የራሱን ገመዶች አነካክታችሁ ያሳየውን ቀንሱ።

ሌላ ትንሽ ነገር፦ ልስልስ ሽቦ ብሬከር ውስጥ ሲገባ ጫፉ በትንሽ የብረት ቱቦ ይጨፍለቅ፣ በቆርቆሮ አይበየድ። ብየዳው በብሎኑ ግፊት ቀስ እያለ ይፈሳል፣ ከወራት በኋላ ይላላል፣ ይሞቃል። የሽቦ ቀለምም አትመኑ። ከ30 ዓመት በፊት የተሠራ ሕንፃ ውስጥ ጥቁር ኒውትራል ይሁን ፌዝ የሚነግራችሁ መለኪያው ብቻ ነው።

ሞላሌ፦

አርሲዲው ላይ ማንም አልመለሰም። እኔ ለሰርቨር አይገባም ባይ ነኝ። በሌሊት በከንቱ ይወርዳል፣ ዩፒኤሱ ባትሪውን ይጨርሳል፣ ጠዋት ሁሉ ጠፍቶ ይገኛል።

ጣርማበር፦

ሞላሌ፣ ስጋቱ ትክክል ነው፣ መደምደሚያው ግን አይደለም። ግራውንዳቸው የራሳቸው ዘንግ ብቻ ከሆነና 20 ኦም ቢመጣ፣ ፌዝ ብረት ሲነካ የሚፈሰው 220 ሲካፈል ለ20፣ 11 አምፔር ነው። ሲ 16 ለ11 አምፔር ምኑም አይደል፣ ቀኑን ሙሉ ይዞት ይውላል። እዚያ ቤት ሰው የሚያድነው አርሲዲ ብቻ ነው።

በከንቱ የሚወርደው ስሌት ሲጎድለው ነው። 30 ሚሊ አምፔር የተባለው ከ15 ጀምሮ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በደህናው ጊዜ የሚያፈሰው ከመጠኑ ሲሶ በታች፣ ማለትም 9 ሚሊ አምፔር ሳይሞላ መያዝ ነው። የሊኬጅ ክላምፕ ውሰዱ፣ ፌዙንና ኒውትራሉን አንድ ላይ አቅፉበት፤ የሚያሳየው ልዩነት የሚያፈሰው ነው። ባለካቻቪቴ እንዳለው በሁለት መስመር ከተከፈለ፣ ለየመስመሩ የራሱ አርሲዲ ካለው፣ ይህ ራክ 9 አይደርስም። ችግር የሚመጣው የቢሮውን ኮምፒውተሮች ሁሉ ከራኩ ጋር በአንድ አርሲዲ ሥር ሲሰበስቡ ነው።

ዓይነቱ ኤ ይሁን። ኤሲ ብቻ የሚል ርካሹ ዓይነት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚያፈሰውን የተቆራረጠ ከረንት ላያየው ይችላል። የዩፒኤሱ መመሪያ ቢ ካለ መመሪያው ይበልጣል።

ስለ ዩፒኤስ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁሉም የሚያደርገው ስለሆነ። ባትሪው ይሠራ እንደሆነ ለመሞከር ስፒናውን አትንቀሉ። ስፒናው ሲነቀል ግራውንዱም አብሮ ይሄዳል፣ ዩፒኤሱ ግን 220 እያወጣ ነው። በብሬከሩ አውርዱ፤ ብሬከር ግራውንድ አይቆርጥም።

ቀወት_ሰርቨር፦

ከፍታውን ያነሳ የለም። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። አንዳንድ ፓወር ሰፕላይና አዳፕተር ላይ ተራራ ተሥሎበት 2000 ሜትር የሚል ምልክት አለ፤ ከዚያ በላይ አትጠቀምበት ማለት ነው። አየሩ ሲሳሳ ብልጭታ በቀላሉ ይዘላል። በ3,000 ሜትር በፌዝና በብረት መካከል ያለው ክፍተት በ1.14 እጥፍ እንዲሰፋ ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ደረጃ ያዛል፤ ርካሹ ዕቃ ያንን ትርፍ አይሰጥም። ስትገዙ 3,000 ወይም 5,000 ሜትር የሚል ፈልጉ፤ የታወቁ ሰርቨሮች ብዙዎቹ እስከ 3,050 ይላሉ። ብሬከርም ቢሆን የተለመደው ዓይነት እስከ 2,000 ሜትር ታስቦ የተሠራ ነው፣ በጣም ርካሹን አትምረጡ።

ስስ አየር ሙቀትም በደንብ አይወስድም። ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነሳል፤ እስከ 35 የሚል ሰርቨር እናንተ ጋ እስከ 29 ነው። በውርጭ አገር ይህ ቀልድ ሊመስል ይችላል፣ ግን በሩ የተዘጋ ራክ ውስጥ 29 ሩቅ አይደለም። የበረደ ዕቃ ከመጋዘን ወደ ሞቀ ክፍል ስታስገቡ በካርቶኑ እንዳለ ጥቂት ሰዓት ይቆይ፤ ጤዛ ይዞ ከበራ ያለቀለት ነው።

የዩፒኤስ ባትሪም እንደዚያው። እኛ ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ነን፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። እናንተ ጋ ዕድሜው ይረዝማል፣ በብርድ ሌሊት ግን የሚሰጠው ደቂቃ ያንሳል።

ባለካቻቪቴ፦

ጄኔሬተሩ ቀርቷል። መቀያየሪያው 1-0-2 ሆኖ ፌዝና ኒውትራልን አብሮ የሚቀይር ይሁን፤ ግራውንድ አይቀየርም። ሁለት ጫፉ ወንድ በሆነ ገመድ ሶኬት ላይ የሚሰካውን ሰው ከግቢ አስወጡት፤ መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ይገድላል።

ትንሹ የቤንዚን ጄኔሬተር ብዙ ጊዜ ኒውትራሉ ከገላው ጋር አልተያያዘም። እንደዚያ እያለ አርሲዲው አይሠራም፣ ከረንቱ የሚመለስበት መንገድ የለውምና። ጄኔሬተሩ ላይ፣ አንድ ቦታ ብቻ፣ ኒውትራሉን ከገላው አያይዙ፤ ገላውን ከሕንፃው ግራውንድ ጋር። ከዚያ ከፌዝ ወደ ግራውንድ በሚያፈስ የአርሲዲ መሞከሪያ ሞክሩት፤ የአርሲዲው የራሱ ቁልፍ ይህን ግንኙነት አይፈትሽም።

ዩፒኤሱ በጄኔሬተር ባትሪ ላይ ሙጭጭ ካለ ድግግሞሹን ተመልከቱ፤ ጭነት ሲገባ ሲወጣ 50 ኸርዝ ይዋዥቃል፣ ዩፒኤሱ አይቀበለውም። ማስተካከያው ውስጥ የሚቀበለውን ስፋት ክፈቱለት። ስታቢላይዘር ካለ ከዩፒኤሱ በፊት እንጂ በኋላ አይግባ።

ሦስት ፌዝ ስለሆናችሁ ደግሞ በሳጥኑ ውስጥ የቮልቴጅ መቁረጫ አስገቡ፣ 180 ሲወርድ 250 ሲያልፍ የሚቆርጥ፣ ሲመለስ 3 ደቂቃ የሚጠብቅ። የምሰሶው ኒውትራል ሲበጠስ አንዱ ፌዝ ወደ 380 ይሮጣል፤ ዩፒኤስ ይህን አይችልም። አጠገቡ ዓይነት 2 ሰርጅ መከላከያ፣ 275 ቮልት የሚል፣ ሽቦዎቹ ተደምረው ከግማሽ ሜትር ባያልፉ። ግቢ ውስጥ ምሰሶ ላይ ያሉ ካሜራዎች ካሉ መብረቁ በኔትወርክ ገመዱም ይመጣል፤ ከሕንፃ ሕንፃ ፋይበር ሳቡ።

ጠባሴ_ኔት፦

ሶኬቱ ተፈታ። ጋሼ እንዳሉት ቁራጭ ሽቦ ከኒውትራል ወደ ግራውንድ ተያይዞ ተገኝቷል። የሳጥኑ የግራውንድ ባር ግን ወደ ታች የሚወርድ ሽቦ አለው፣ መለኪያ ያለው ባለሙያ እየተፈለገ ነው። እስከዚያው ሰርቨሮቹ እንዲሠሩ ይፈለጋል፤ ምን ይደረግ?

ጣርማበር፦

ቁራጯን አውጡ። ከባሩ ጊዜያዊ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ወደ ራኩ ብረት ዛሬውኑ ሳቡ፣ ትራንኪንግ ባይኖረውም በግድግዳው ጥግ ይሂድ፤ ሰው እንዳይረግጠው ብቻ። ዩፒኤሱን ያለ ዲቫይደር፣ የጎን ግራውንድ ብረት ባለው ሶኬት ላይ ለብቻው ሰኩት። አርሲዲ ኤ 30 ሚሊ አምፔር ገበያ ላይ አይጠፋም፣ ሳጥኑ ላይ በዚያ መስመር ዛሬ ይግባ፤ መሬቱ እስኪለካ የምትተማመኑበት እሱን ነው። ከዚያ ከራኩ ወደ ውሃ ቧንቧ መልሳችሁ ለኩ፤ 96ቱ ከ1 ቮልት በታች ካልወረደ ባሩ የሚወርድበት ሽቦ ከዘንጉ ተለይቷል፣ ዘንጉ ላይ ያለውን ማያያዣ ክፈቱና እዩ።